ውኃ እያሳሳቀ፦ የኦሽን ቢች የሞገድና የአየር ጠባይ በአማርኛ ሲገለጽ

1. መግቢያ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ምዕራባዊ ጠርዝ የሚገኘው ኦሽን ቢች የተባለው የባሕር ዳርቻ ምን ዓይነት የሞገድና የአየር ጠባይ እንዳለው፣ ይህም ጠባይ በዕለታዊ ዘገባ እንዴት እንደሚገለጽና እንዴት እንደሚነበብ ማስረዳት ነው። ርእሱ ለሥነ ጽሑፍ መጽሔት እንግዳ ሊመስል ይችላል። ወደ ጉዳዩ የመራኝ ግን የቋንቋ ሥራ ነው።

በትርጉም ትምህርት ለተማሪዎቼ ከማቀርባቸው ጽሑፎች መካከል አሜሪካዊው ዊልያም ፊኔጋን እ.ኤ.አ. በ1992 «ዘ ኒው ዮርከር» በተባለው መጽሔት በሁለት ተከታታይ እትሞች ያወጣው ሐተታ ይገኝበታል። ሐተታው ስለ ኦሽን ቢችና በዚያ ሞገድ ስለሚጋልቡ ሰዎች የሚተርክ ነው። ደራሲው ይህንኑ የሕይወቱን ክፍል እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተመው «ባርቤሪያን ዴይስ» በተባለው ግለ ታሪኩ ውስጥ እንደገና አንሥቶታል፤ መጽሐፉም በ2016 የፑሊትዘርን ሽልማት አግኝቷል። ተማሪዎቼ የሰዎቹን ጠባይ፣ ንግግራቸውንና የከተማውን መልክ በደኅና ወደ አማርኛ ይመልሳሉ። ባሕሩ ዘንድ ሲደርሱ ግን ብዕራቸው ይዝላል። እንግሊዝኛው በብዙ ቃላት ለያይቶ የሚጠራውን ሁሉ «ማዕበል» በሚለው በአንዱ ቃል ይጠቀልሉታል። በዚህ የተነሣ የረጋው ባሕር፣ የተቆጣው ባሕር፣ ከሩቅ የመጣው ሞገድና እዚያው በነፋስ የተነሣው ሞገድ በትርጉሙ ውስጥ አንድ ሆነው ይቀራሉ።

በእኔ አስተያየት ይህ የአማርኛ ድህነት አይደለም። ቋንቋችን ከወንዝ፣ ከጎርፍና ከሐይቅ ጋር ረጅም ዘመን የኖረ ነው። የጎደለው ያሉንን ቃላት እስከ ባሕሩ ድረስ ማድረስ ነው። ነገሩም የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ኦሽን ቢች ላይ ሰውን የሚያጠፋው የሚያስፈራው ባሕር ብቻ ሳይሆን ረግቶ የሚታየውም ነው። «ማዕበል» የሚለው ቃል ይህን ሁለተኛውን አደጋ ከዓይን ይሰውረዋል። ቀጥሎ በመጀመሪያ ቦታውን፣ ከዚያም የዘገባውን ክፍሎች አንድ በአንድ እመለከታለሁ፤ ለየክፍሉም ይስማማል የምለውን አማርኛ አቀርባለሁ።

2. ቦታው

ኦሽን ቢች ከሰሜን ወደ ደቡብ ቀጥ ብሎ 5.6 ኪሎ ሜትር ያህል የተዘረጋ የአሸዋ ዳርቻ ነው። በሰሜን «ክሊፍ ሐውስ» የተባለው ሕንፃ ከቆመበት ዐለታማ ገደል ይጀምራል፤ በደቡብ እስከ ፎርት ፈንስተን የአሸዋ ገደሎች ይደርሳል። በስተ ምሥራቁ «ግሬት ሐይዌይ» የተባለው መንገድና ሰንሰት የተባለው የመኖሪያ ሰፈር ይገኛሉ። በስተ ምዕራቡ ያለው ፓስፊክ ውቅያኖስ ነው።

ይህን ዳርቻ ከሌሎች የሚለዩት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ ለውቅያኖሱ የተጋለጠ ነው። ከዳርቻው 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ከሚገኙት ትናንሽ የፋራሎን ደሴቶች በቀር ከፊቱ የሚከልለው ነገር የለም። ሁለተኛ፣ ወለሉ ዐለት ሳይሆን አሸዋ ነው። ስለዚህ ሞገዱ የሚናድበት ቦታ ቋሚ አይደለም፤ አሸዋው በተዛወረ ቁጥር እርሱም ይዛወራል። ሦስተኛ፣ የሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ውኃ የሚገባበትና የሚወጣበት የጎልደን ጌት ሰርጥ ከዳርቻው በስተ ሰሜን አጠገቡ ነው።

ውኃው ቀዝቃዛ ነው። በዓመቱ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው መካከል ይውላል። ሞገድ ግልቢያ በዚህ አካባቢ የቆየ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1885 ሦስት የሐዋይ መሳፍንት ከሳን ፍራንሲስኮ በስተ ደቡብ በምትገኘው ሳንታ ክሩዝ በእንጨት ሳንቃ ሞገድ ጋልበዋል። ሆኖም በቅዝቃዜው ምክንያት ሰው ውኃው ውስጥ ብዙ ሊቆይ አይችልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 ጃክ ኦኒል በዚሁ በግሬት ሐይዌይ ላይ የግልቢያ ዕቃ መሸጫ ከፈተ። በዚያው ዘመን የበርክሌው የፊዚክስ ሊቅ ሂው ብራድነር ሙቀት የሚይዘውን ወፍራም የላስቲክ ልብስ ሠራ፤ ኦኒልም ለጋላቢዎች የሚሆነውን ዓይነት አስፋፋ። ከዚያ ወዲህ ቀዝቃዛው ባሕር ዓመቱን ሙሉ ሰው የማይጠፋበት ሆነ።

3. ደራሽ ሞገድ

በጣና ዳር ያደገ ሰው ሞገድን ከነፋስ ለይቶ አያየውም። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ሐይቁ ይናወጣል፤ ነፋሱ ሲተኛ ሐይቁም ይተኛል። የሞገድ መጠን የሚወሰነው በነፋሱ ፍጥነት፣ ነፋሱ በቆየበት ጊዜና ሳይቋረጥ በሮጠበት የውኃ ስፋት ነው። ጣና 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ብቻ ስላለው ነፋሱ የሚሮጥበት ሜዳ አጭር ነው። ስለዚህ ሞገዱ ትንሽና ተደጋጋሚ ይሆናል፤ ነፋሱ ካለፈም በኋላ ብዙ አይቆይም።

የፓስፊክ ሜዳ ግን በሺህ በሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ይለካል። በፈረንጆች ክረምት በአሉሽያን ደሴቶችና በአላስካ ባሕረ ሰላጤ አካባቢ ከባድ ወጀብ ይነሣል። ነፋሱ ለቀናት ውኃውን ሲገርፍ የተነሡት ሞገዶች ከወጀቡ ወጥተው ብቻቸውን ይጓዛሉ። በመንገድ ላይ ረጅሞቹ ፈጣን ስለሆኑ ይቀድማሉ፤ አጭሮቹ ወደ ኋላ ይቀራሉ። ተበታትነው የወጡት ሞገዶች በዚህ መንገድ እየተደረደሩ፣ እየተስተካከሉ ይሄዳሉ። ኦሽን ቢች ሲደርሱ በዚያ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ነፋሱም የሌለ ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ዓይነቱ ሞገድ አማርኛ የተዘጋጀ ቃል አለው። ደጋ ላይ የዘነበ ዝናብ ቆላ ያለውን ወንዝ በድንገት ሲሞላው «ደራሽ መጣ» እንላለን። ቆላ ያለው ሰው በራሱ ላይ ደመና አላየም፤ ነጎድጓድም አልሰማም። አደጋው የመጣው እርሱ ካላየው ሰማይ ነው። ከሩቅ ወጀብ የሚመጣውንም ሞገድ «ደራሽ ሞገድ» ብንለው ሐሳቡ ያለ ማብራሪያ ይገባል። እዚያው በአካባቢው ነፋስ የሚነሣውን ደግሞ «የነፋስ ሞገድ» ማለት ይበቃል። «ማዕበል» ለወጀቡ ባሕር፣ ለቁጣው ይቆይ፤ «የሕዝብ ማዕበል» ስንል የምናስበውም ብዛትንና ቁጣን ነውና።

በአንድ ነገር ግን ምሳሌው ይለያል። ደራሽ ጎርፍ ውኃውን ራሱን ይዞ ይመጣል። ደራሽ ሞገድ ግን የአላስካን ውኃ ይዞ አይመጣም፤ የሚጓዘው ጉልበቱ ነው። ነፋስ በደረሰ የጤፍ ማሳ ላይ ሲያልፍ ማሳው ከዳር እስከ ዳር ይናወጣል፤ አንዲት ዛላ ግን ከሥሯ ተነቅላ አትሄድም። የባሕሩም ውኃ እንዲሁ ባለበት ከፍ ዝቅ እያለ ጉልበቱን ለጎረቤቱ ያስተላልፋል። ይህ ጉልበት ምን ያህል ሩቅ ሊሄድ እንደሚችል ዋልተር ሙንክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1963 ባደረጉት ጥናት አሳይተዋል። ከኒው ዚላንድ እስከ አላስካ በዘረጓቸው የመለኪያ ጣቢያዎች ከደቡብ ንፍቀ ክበብ ወጀብ የተነሣ ሞገድ ከ10,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አላስካ ሲደርስ ተከታትለውታል።

4. ከፍታና ምት

ዘገባውን የሚያነብ እንግዳ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በከፍታው ላይ ነው። ከፍታ ግን ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ በዘገባው ውስጥም አንድ ትርጉም ብቻ የለውም። በባሕሩ ላይ በመልህቅ የታሰሩ ተንሳፋፊ መለኪያዎች የሚሰጡት ከፍታ ከሁሉም ሞገዶች ከፍ ያሉት አንድ ሦስተኛዎቹ አማካይ ነው። አማካይ ስለሆነም ከእርሱ የሚበልጡ ብዙ ሞገዶች አሉ፤ ከጥቂት ሰዓታት ውስጥ አንዱ እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። በዳርቻው ሲናድ የሚታየው የሞገዱ ፊት ደግሞ ሌላ ቁጥር አለው። ጋላቢዎቹ ራሳቸው የሚናገሩት ሦስተኛው ነው። ከሐዋይ በመጣ ልማድ ብዙዎቹ የሞገዱን ፊት ከፍታ በግማሽ ገደማ ቀንሰው ይጠሩታል። ከራሱ በላይ የሆነ ሞገድ የጋለበ ሰው «አራት ጫማ ነበር» ብሎ ያልፋል። ትልቁን ነገር አሳንሶ መናገር የጀግንነት ወግ በሆነበት አገር ላደግን ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም። ተርጓሚው ግን ቁጥሩን እንዳለ ካስተላለፈ ሞገዱን በግማሽ ያሳንሰዋል።

ከከፍታው ይልቅ ሚስጥሩን የያዘው አንዱ የሞገድ አናት ካለፈ በኋላ ቀጣዩ እስኪመጣ የሚፈጀው ጊዜ ነው። ይህን «ምት» ልለው እወዳለሁ። በግጥም ጥናት ምት የምንለው በድምፅ ውስጥ እየተመላለሰ የሚመጣውን ነገር ስለሆነ ለሞገድም ይስማማል። ምቱ 8 ሰከንድ የሆነ ሞገድ በጥልቅ ውኃ ላይ ከአናት እስከ አናት 100 ሜትር ያህል ይረዝማል። ምቱ 16 ሰከንድ ሲሆን ርዝመቱ 200 ሳይሆን 400 ሜትር ይሆናል። ምቱ እጥፍ ሲሆን ርዝመቱ አራት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። የሞገዱ ጉልበት የሚሄድበትም ፍጥነት በምቱ ይወሰናል። የ16 ሰከንዱ በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የ8 ሰከንዱ የዚያን ግማሽ ይጓዛል። ስለዚህ ባለ 16 ሰከንዱ ሞገድ 3,000 ኪሎ ሜትር ከሚርቅ ወጀብ ተነሥቶ ዳርቻው የሚደርሰው በሦስት ቀን ገደማ ነው። ትንበያ የሚቻለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የምት ትርጉም በዳርቻው ይበልጥ ይገለጻል። ሞገድ ወለሉን መዳሰስ የሚጀምረው የውኃው ጥልቀት የርዝመቱ ግማሽ ሲሆን ነው። ባለ 8 ሰከንዱ ወለሉን የሚያገኘው በ50 ሜትር ጥልቀት ሲሆን፣ ባለ 16 ሰከንዱ በ200 ሜትር ጥልቀት ላይ ሳለ ይዳስሳል። ወለሉን የዳሰሰ ሞገድ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ርዝመቱ ያጥራል፤ ቁመቱ ይጨምራል። በመጨረሻም የውኃው ጥልቀት ከሞገዱ ቁመት ብዙም የማይበልጥበት ቦታ ሲደርስ አናቱ ከእግሩ ይቀድምና ይናዳል። ረጅም ምት ያለው ሞገድ በጥልቁ ውኃ ላይ ዝቅ ብሎ፣ ለዓይን ሳይታይ መጥቶ በዳርቻው በድንገት የሚነሣው ስለዚህ ነው።

5. ነፋስ፣ ጉምና ወራት

ነፋስ ሁለት ሥራ አለው፤ ከሩቅ ሞገድን ይወልዳል፣ በቅርብ ደግሞ ሞገድን ያስተካክላል ወይም ያበላሻል። ከባሕር ወደ የብስ የሚነፍስ ነፋስ የሞገዱን አናት ከኋላው ገፍቶ ያለ ጊዜው ይንደዋል፤ የባሕሩም ገጽ የተተራመሰ ይሆናል። ከየብስ ወደ ባሕር የሚነፍሰው ደግሞ የሞገዱን ፊት ደግፎ ያቆመዋል። ሞገዱ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ዘግይቶ፣ ተጠቅልሎ ይናዳል። ኦሽን ቢች ፊቱ ወደ ምዕራብ ስለሆነ ለእርሱ መልካሙ ነፋስ ከምሥራቅ የሚነፍሰው ነው።

እዚህ ላይ ለተርጓሚዎች አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የፈረንጆቹን የቅዝቃዜ ወቅት «ክረምት» ብለን ስንተረጉም አንባቢያችን የሚያስበው ሐምሌን ነው። በሳን ፍራንሲስኮ ግን ዝናቡና ትልልቁ ሞገድ የሚመጣው ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ወቅቱን በወር ስም መጥራት ይሻላል።

በወራት ስናየው የዳርቻው ዓመት እንዲህ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ከሰሜን ፓስፊክ ወጀብ የሚነሣው ደራሽ ሞገድ ከምዕራብና ከሰሜን ምዕራብ ይመጣል፤ ምቱ ከ15 ሰከንድ ሲያልፍ፣ ከፍታውም በብዙ ሜትር ሲቆጠር ይታያል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ከሰሜን ምዕራብ ኃይለኛ ነፋስ በጠረፉ ትይዩ ይነፍሳል። ይህ ነፋስ ከምድር መሽከርከር ጋር ተዳምሮ የላዩን ውኃ ከዳርቻው ያርቀዋል፤ በምትኩ ከጥልቁ ቀዝቃዛ ውኃ ይወጣል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ከውቅያኖሱ የሚመጣው እርጥብ አየር በዚህ ቀዝቃዛ ውኃ ላይ ሲያልፍ ወደ ጉም ይለወጣል፤ የውስጡ ሸለቆ ሙቀትም ጉሙን በጎልደን ጌት በኩል ወደ ከተማው ይስበዋል። በበጋ ሙቀት አገኛለሁ ብሎ የሄደ እንግዳ በሐምሌ ሹራብ ፍለጋ ገበያ ይወጣል። ሞገዱም በዚያ ወቅት በአብዛኛው ትንሽ ነው፤ አንዳንዴ ከደቡብ ንፍቀ ክበብ የሚመጣ ረጅም ምት ያለው ደራሽ ይጎበኘዋል። በመስከረምና በጥቅምት ጉሙ ይገፈፋል፤ ነፋሱ ይረግባል ወይም ከየብስ ይነፍሳል፤ የሰሜኑም የመጀመሪያ ደራሾች መምጣት ይጀምራሉ። ጋላቢዎች ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቁት ይህን ጊዜ ነው። የእኛም ሰማይ የሚጠራው በዚሁ ወር መሆኑ ደስ የሚል ግጥምጥሞሽ ነው።

6. ሙላት፣ ጉድለትና የአሸዋው ወለል

በጨረቃና በፀሐይ ስበት ባሕር በየቀኑ ከፍና ዝቅ ይላል። ይህንንም ተማሪዎች «ማዕበል» ሲሉት አይቻለሁ። «ወንዙ ሞላ»፣ «ውኃው ጎደለ» የምንል ሰዎች ስለሆንን «ሙላት» እና «ጉድለት» ማለት ከበቂ በላይ ነው። በጎልደን ጌት በቀን ሁለት ሙላትና ሁለት ጉድለት አለ፤ ሁለቱም እኩል አይደሉም። በከፍተኛው ሙላትና በዝቅተኛው ጉድለት መካከል ያለው ልዩነት በአማካይ 1.8 ሜትር ያህል ነው። በዚያ ስፍራ ባሕሩ እ.ኤ.አ. ከ1854 ጀምሮ ሳይቋረጥ ሲለካ ኖሯል።

ሙላቱና ጉድለቱ የዳርቻውን ጠባይ በሁለት መንገድ ይለውጣሉ። በመጀመሪያ፣ ውኃው ሲጎድል ከዳርቻው ራቅ ብሎ ያለው የአሸዋ ጉብታ ወደ ገጹ ይቀርባል፤ ሞገዱም በጉብታው ላይ በኃይል ይናዳል። ውኃው ሲሞላ ያው ሞገድ ጉብታውን ተሻግሮ ሄዶ በዳርቻው ላይ ይወድቅ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ጉድለት ሲጀምር የባሕረ ሰላጤው ውኃ በጠባቡ ሰርጥ ይወጣል። የጅረቱ ፍጥነት በሰርጡ ውስጥ 5 ኖት ገደማ ይደርሳል፤ ይህም ብርቱ ዋናተኛ ከሚዋኝበት ፍጥነት ይበልጣል። የዳርቻው ሰሜናዊ ክፍል ለዚህ ጅረት ቅርብ ነው።

ይኸው ጅረት ለዘመናት ያወጣው አሸዋ ከሰርጡ ውጭ በፈረስ ጫማ ቅርጽ ተከምሮ ሰፊ የባሕር ውስጥ ጉብታ ሆኗል። ከሩቅ የሚመጣው ሞገድ በዚህ ጉብታ ላይ ሲያልፍ አቅጣጫው ይታጠፋል፤ በአንዱ ቦታ ይሰበሰባል፣ በሌላው ይሳሳል። አንድ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ውስጥ ሞገዱ በአንዱ ጎዳና ትይዩ ከሰው ቁመት በላይ፣ በሌላው ከወገብ በታች የሚሆነው ስለዚህ ነው። «ኦሽን ቢች ዛሬ እንዴት ነው?» ለሚል ጥያቄ አንድ መልስ የለም። የኃይሉ መጠን በከተማውም ላይ ታይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2009 እና በ2010 መካከል በነበረው የኤል ኒኞ ክረምት ሞገዱ የግሬት ሐይዌይን ደቡባዊ ጠርዝ በልቶ አፍርሷል።

7. ፋታና ወሳጅ ጅረት

እስካሁን ያልነው ሁሉ የሚያመራው ወደዚህ ክፍል ነው። ደራሽ ሞገድ በእኩል መጠን አይመጣም፤ በዙር በዙር ይመጣል። ሁለት ከበሮ መቺዎች በጥቂቱ በሚለያይ ምት ቢመቱ አንዳንዴ ምታቸው ይገጥምና ድምፁ ይበረታል፤ አንዳንዴ ይተላለፍና ይደክማል። ምታቸው የተቀራረበ ሞገዶችም ተደርበው ሲጓዙ እንደዚሁ ይሆናሉ። ጥቂት ትልልቅ ሞገዶች ተከታትለው ይመጣሉ፤ ይህን «ዙር» እንበለው። ከዚያ ባሕሩ ይተኛል፤ ይህን «ፋታ» እንበለው። ፋታው አንዳንዴ ከ10 ደቂቃ በላይ ሊቆይ ይችላል።

ኦክላንድ የሚኖሩ ዘመዶቼን ልጠይቅ በሄድኩ ጊዜ በአንድ የኅዳር እሑድ ልጆቹን ይዘን ወደዚህ ዳርቻ ወርደን ነበር። ፀሐይ ወጥታ ነፋስ የሚባል አልነበረም። የአክስቴ ልጅ ባሕሩን አይታ «ዛሬስ ተኝቷል፤ እግራቸውን ይንከሩ» አለች። ትንሽ ቆይቶ ውኃው ከነበረበት ብዙ ርምጃ ተሻግሮ መጥቶ የእኛን ጉልበት፣ የልጆቹን ደረት መታ። ልጆቹን በክንዳቸው ይዘን ወጣን፤ ጫማዎቹን ውኃው ወሰዳቸው። እርሷ ደጋግማ የምትለው «ነፋስ እንኳ ሳይኖር ከየት መጣ?» ነበር። ጥያቄዋ ትክክለኛ ነበር። ሞገድን ከነፋስ ጋር ብቻ ያገናኘ ሰው ይህን ሊጠብቅ አይችልም። «ደራሽ ነው» ስላት ግን ሌላ ማስረዳት አላስፈለገኝም፤ ያደገችው በወንዝ ዳር ነው።

ሁለተኛው አደጋ ከዚህም ይበልጥ አሳሳቂ ነው። ሞገዶች በአሸዋው ጉብታ ላይ እየተናዱ ወደ ዳርቻው የሚያመጡት ውኃ ተመልሶ የሚወጣበት መንገድ ይፈልጋል። የጉብታው ዝቅ ያለ ቦታ ሲያገኝ በዚያ በኩል ተሰብስቦ ወደ ውጭ ይሮጣል። ፍጥነቱ ብርቱ ሲሆን በሰከንድ 2 ሜትር ያልፋል። ይህን «ወሳጅ ጅረት» ልንለው እንችላለን፤ የሰጠመን ሰው «ውኃ ወሰደው» እንላለንና። የወሳጅ ጅረት ክፋቱ መልኩ ነው። በመንገዱ ላይ ውኃው ጠለቅ ስለሚል ሞገድ አይናድበትም። ስለዚህ በግራና በቀኝ ነጭ አረፋ ሲተራመስ በመካከሉ ጠቆር ብሎ፣ ረግቶ፣ እንደ በር ተከፍቶ ይታያል። ባሕሩን የማያውቅ ሰው ልግባ ሲል የሚመርጠው ይህንኑ ቦታ ነው። የሚያውቀው ጋላቢም ይመርጠዋል፤ እርሱ ግን ወደ ውጭ የሚያወጣው መንገድ መሆኑን አውቆ፣ ሳንቃውን ይዞ ነው።

ወሳጅ ጅረት ሰውን ወደ ታች አይጎትትም፤ ወደ ውጭ ነው የሚወስደው። ሰው የሚሰጥመው በጅረቱ ላይ ፊት ለፊት ታግሎ ጉልበቱ ሲያልቅ ነው። ስለዚህ የተያዘ ሰው መደናገጡን ትቶ መንሳፈፍ፣ እጁን አንሥቶ እርዳታ መጠየቅ፣ ከቻለም ወደ ዳርቻው ሳይሆን ከዳርቻው ጋር ትይዩ ሆኖ ከጅረቱ ወደ ጎን መውጣት አለበት። በኦሽን ቢች ይህን ማወቅ በተለይ ያስፈልጋል። ቅዝቃዜው ጉልበትን ቶሎ ያደክማል፤ እንደ ደቡብ ካሊፎርኒያ ዳርቻዎችም የነፍስ አድን ሠራተኞች ማማ በየርቀቱ የተተከለበት አይደለም።

8. ዘገባውን ማንበብ

የአየር ትንበያ ለሕዝብ በጋዜጣ መውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1861 በእንግሊዛዊው ሮበርት ፊዝሮይ ነው። ከእርሱ በፊት ፍራንሲስ ቦፎርት በ1805 ነፋስን በደረጃ ከፋፍሎ ነበር። ከዚያ ጀምሮ የባሕር ዘገባ ቃል የሚቆጥብ ጽሑፍ ሆኖ ኖሯል። የኦሽን ቢችም ዘገባ አምስት ነገር ብቻ ይናገራል፦ ከፍታ፣ ምት፣ አቅጣጫ፣ ነፋስና ሙላት። እንደ ቅኔ ኅብረ ቃሉን ካልፈቱት ሰሙ ብቻ ይቀራል። ለማሳያ ያህል ያዘጋጀኋቸውን ሁለት ዘገባዎች እንመልከት።

ሀ) ከፍታ 2.4 ሜትር፤ ምት 8 ሰከንድ፤ ከሰሜን ምዕራብ። ነፋስ ከሰሜን ምዕራብ 20 ኖት። ውኃው በመሙላት ላይ።

ለ) ከፍታ 1.8 ሜትር፤ ምት 17 ሰከንድ፤ ከምዕራብ። ነፋስ ከምሥራቅ 5 ኖት። ውኃው በመጉደል ላይ።

ከፍታውን ብቻ ያነበበ ሰው «ሀ» ይከፋል ይላል። የ«ሀ» ሞገድ ግን እዚያው በአካባቢው ነፋስ የተነሣ ነው፤ ባሕሩ የተተራመሰና ለዓይን የማይጋብዝ ይሆናል። የሚያስፈራ ስለሚመስል ወደ ውኃው የሚቀርብ ሰው ጥቂት ነው። «ለ» ደራሽ ሞገድ ነው። የሞገድ ኃይል የሚሰላው ከፍታውን በራሱ አባዝቶ እንደገና በምቱ በማባዛት ስለሆነ «ሀ» 46፣ «ለ» 55 ይሆናል። ዝቅተኛው ከፍታ የበለጠውን ኃይል ይዟል ማለት ነው። በዳርቻው ሲናድም 3 ሜትር ገደማ ሊነሣ ይችላል። ነፋሱ ከየብስ ስለሆነ ገጹ እንደ መስተዋት የለሰለሰ ነው፤ በፋታው ጊዜ ባሕሩ የተኛ ይመስላል፤ ውኃውም በመጉደል ላይ ስለሆነ አሸዋው ሰፍቶ ሰው ወደ ታች ይወርዳል። ለብርቱ ጋላቢ «ለ» የዓመቱ ምርጥ ቀን ነው። ልጅ ይዞ ለወረደ ሰው ግን ከሁሉ የከፋው ቀን ነው። የሁለቱን ቀን ልዩነት የሚናገረው ምቱ ብቻ ነው።

9. ማጠቃለያ

በዚህ ጽሑፍ ደራሽ ሞገድ፣ የነፋስ ሞገድ፣ ምት፣ ዙር፣ ፋታ፣ ሙላት፣ ጉድለትና ወሳጅ ጅረት የሚሉትን ቃላት ለባሕሩ አቅርቤአለሁ። አንዳቸውም አዲስ አይደሉም። ከወንዝ፣ ከግጥምና ከዕለት ንግግር የተወሰዱ ናቸው። አንባቢ የተሻለ ቃል ካለው ውይይቱ ክፍት ነው፤ ዋናው ነገር የተለያየውን ነገር በአንድ ስም አለመጥራታችን ነው።

በሳን ፍራንሲስኮ፣ በኦክላንድና በሳን ሆዜ አካባቢ አማርኛ ተናጋሪ የሆነ ብዙ ወገናችን ይኖራል፤ ልጆቹንም ይዞ ወደዚህ ባሕር ይወርዳል። ለእነርሱ ማስጠንቀቂያ የሚጽፍ ሰው «ከማዕበል ተጠንቀቁ» ብሎ ቢተው አንባቢው ማዕበል እስኪያይ ይጠብቃል። ይልቁንስ እንዲህ ቢል ይሻላል፦ «ባሕሩ ቢረጋም ጀርባችሁን አትስጡት። ከመቅረባችሁ በፊት 20 ደቂቃ ያህል ቆማችሁ ተመልከቱት፤ ደራሽ ሞገድ ከፋታ በኋላ ይመጣል። በነጭ አረፋ መካከል ረግቶ የሚታየው ውኃ ወሳጅ ጅረት ሊሆን ይችላል፤ አትግቡበት።» አባቶቻችን «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ሲሉ ፓስፊክን አላዩም፤ ያወቁት የወንዛቸውን ጠባይ ነው። ይህን ዕውቀት በትክክለኛ ቃል እስከዚያ ዳርቻ ማድረስ የቋንቋ አስተማሪዎችና የተርጓሚዎች ሥራ ነው እላለሁ።